ለስዊች ኢንተርፌስ አይፒ አድራሻ አሰጣጥ፦ ለአዳማ ሆቴልና አዳራሽ ኔትወርክ ዝርዝር መመሪያ

ስዊች ላይ አይፒ አድራሻ ማስገባት ራሱ የሁለት መስመር ትዕዛዝ ነው። ሰው የሚቸገረው በትዕዛዙ አይደለም፤ አድራሻው የማን እንደሆነ ሳይለይ ሥራ በመጀመሩ ነው። የገመዱ መሰኪያ ፖርት ነው ባለቤቱ? ቪላኑ (በስዊቾቹ ላይ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) ነው? ወይስ ስዊቹ ራሱ? ይህ ካልተለየ ኮንሶሉ (የስዊቹ ትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት) «ኢንቫሊድ ኢንፑት» እያለ ይመልሳል፤ ወይም ትዕዛዙ ሁሉ ገብቶ ፒንግ (ግንኙነት መኖሩን የሚፈትነው ትዕዛዝ) እምቢ ይላል።

ምሳሌያችን አዳማ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ዓይነት ሕንፃ ነው፦ ባለአራት ፎቅ ሆቴል፣ ታች መቀበያና ሒሳብ ክፍል፣ ላይ ለሥልጠናና ለስብሰባ የሚከራይ 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ በየኮሪደሩ ካሜራ። መሃል ላይ አንድ ሌየር 3 ስዊች (ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያሻግር) አለ፤ ኮር እንለዋለን። በየፎቁ ደግሞ አንድ አንድ ሌየር 2 ስዊች (በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚያሳልፍ) አለ። ትዕዛዞቹ በመጀመሪያ የሲስኮ ናቸው፤ የሁዋዌው ኋላ ይመጣል። እዚህ የጻፍናቸው እንደ አነባበባቸው ነው፤ ኮንሶሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገባሉ። በቃላት መካከል ሰረዝ ካለ ሰረዙ የትዕዛዙ አካል ስለሆነ እንዳይዘለል።

አድራሻው የሚቀመጥባቸው ቦታዎች

ስዊች ከሳጥኑ ሲወጣ ፖርቶቹ በአብዛኛው የሌየር 2 ፖርቶች ናቸው። ፍሬም (የዳታ ጥቅል) ተቀብለው የማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የፋብሪካ መለያ) አይተው ያሳልፋሉ እንጂ አይፒ አይሸከሙም። ስለዚህ አድራሻ የሚሰጠው ከሚከተሉት ለአንዱ ነው።

የመጀመሪያው ቪላን ኢንተርፌስ ነው። የሚታይ መሰኪያ የለውም፤ ስዊቹ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር የቪላኑ በር ነው። በዚያ ቪላን ላሉ ኮምፒውተሮች ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫ) የሚሆነው እሱ ነው። የፎቅ ስዊቾችም ከሩቅ የምንገባባቸውን አድራሻ የሚይዙት በዚሁ ነው። ከአሥሩ ሥራ ዘጠኙ እዚህ ያልቃል።

ሁለተኛው ራውትድ ፖርት ነው። አንድን ፖርት «ኖ ስዊችፖርት» ብለን ከሌየር 2 አውጥተን እንደ ራውተር ፖርት አድራሻ እናስይዘዋለን። የሚጠቅመው ለአንድ ለአንድ ግንኙነት ነው፤ በምሳሌያችን ከኮሩ ወደ ኢንተርኔት ራውተሩ። ይህን የሚቀበለው ሌየር 3 ስዊች ብቻ ነው።

ሦስተኛው የማስተዳደሪያ ፖርት ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ከሌሎቹ ፖርቶች የተለየ አንድ መሰኪያ አላቸው። ይህ ፖርት የራሱ የራውቲንግ ሰንጠረዥ (የመንገድ ዝርዝር) ሊኖረው ስለሚችል ለተጠቃሚዎች ጌትዌይ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ሆቴል ውስጥ ባንጠቀምበት ምንም አይጎድልም።

መጀመሪያ ወረቀት

ኮንሶል ከመክፈት በፊት ዕቅዱ በወረቀት ይጻፍ። ለግል ኔትወርክ የተተዉት አድራሻዎች በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1918 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) የተወሰኑ ሦስት ክልሎች ናቸው (ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ሲያንስ ክልሉ ይሰፋል)፦ 10.0.0.0/8፣ 172.16.0.0/12 እና 192.168.0.0/16። 192.168.1.0ን አለመምረጥ ይሻላል። ብዙ የኢንተርኔት ሞደም ከፋብሪካ 192.168.1.1 ይዞ ስለሚመጣ፣ የውስጡ ኔትወርክም ያንኑ ከያዘ ሁለቱ ይጋጫሉ። ለሆቴሉ 10.20.0.0/16ን ወስደን እንዲህ እንከፍለዋለን፦

ቪላን 10፣ ቢሮና ሒሳብ፦ 10.20.10.0/24፣ ጌትዌይ 10.20.10.1
ቪላን 30፣ የእንግዳ ዋይፋይ፦ 10.20.28.0/22፣ ጌትዌይ 10.20.28.1
ቪላን 40፣ ካሜራ፦ 10.20.40.0/24፣ ጌትዌይ 10.20.40.1
ቪላን 99፣ የስዊቾች ማስተዳደሪያ፦ 10.20.99.0/24፣ ጌትዌይ 10.20.99.1
ከኮር ወደ ራውተር፦ 10.20.255.0/30፣ ራውተሩ 10.20.255.1፣ ኮሩ 10.20.255.2

የእንግዳው ለምን /22 ሆነ? የአዳማ አዳራሾች ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። 300 ተሰብሳቢ ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ሲገባ 600 መሣሪያ ማለት ነው። /24 የሚሰጠው 254 አድራሻ ነው፤ /23 ደግሞ 510። ሁለቱም አይበቁም። /22 ግን 1,022 ይሰጣል። ጠዋት የገባው ሰው ኢንተርኔት አግኝቶ ከሻይ በኋላ የመጣው «ዋይፋዩ ይያያዛል ግን አይሠራም» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው የመስመሩ ፍጥነት ሳይሆን አድራሻው ነው።

የ/22 ኔትወርክ ሦስተኛው ቁጥር ለ4 የሚካፈል መሆን አለበት፤ 28 ይካፈላል። ክልሉ ከ10.20.28.0 እስከ 10.20.31.255 ነው። ስለዚህ 29፣ 30 እና 31 ለሌላ ቪላን አይሰጡም። ቪላን 30 ስለሆነ 10.20.30.0/22 ብሎ የጻፈ ሰው የተሳሳተው እዚህ ነው።

ከስዊቹ ጋር መገናኘት

አዲስ ስዊች አድራሻ ስለሌለው የሚገባበት በኮንሶል ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ አርጄ-45 ሆኖ «ኮንሶል» የሚል ጽሑፍ ያለበት መሰኪያ ላይ ይገባል፤ ሌላው በዩኤስቢ መለወጫ ወደ ላፕቶፑ። ፑቲ (ኮንሶሉን የሚከፍተው ፕሮግራም) ላይ «ሲሪያል» ይመረጥና ፍጥነት 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፍሎው ኮንትሮል የለም ይደረጋል። የኮም ፖርቱ ቁጥር ከላፕቶፑ ዲቫይስ ማኔጀር ይታያል። መስኮቱ ባዶ ከሆነ አንድ ጊዜ ኢንተር ይጫኑ። ትርጉም የለሽ ምልክቶች ከመጡ ፍጥነቱ አልገጠመም ማለት ነው። ምንም ካልመጣ የመለወጫው ድራይቨር አልተጫነም ወይም የኮም ቁጥሩ ተሳስቷል።

ኮሩ ላይ ቪላንና አድራሻ

ቅደም ተከተሉ ቪላን መፍጠር፣ ለቪላን ኢንተርፌሱ አድራሻ መስጠት፣ ከዚያ ፖርት ማገናኘት ነው።

ኤኔብል
ኮንፊገር ተርሚናል
ቪላን 10
ኔም ኦፊስ
ኤግዚት
ኢንተርፌስ ቪላን 10
አይፒ አድረስ 10.20.10.1 255.255.255.0
ኖ ሻትዳውን
ኤግዚት

ለ40 እና ለ99 ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለወጣል። ለ30 ማስኩ (የክልሉን ስፋት የሚያሳየው ሁለተኛው ቁጥር) 255.255.252.0 ይሆናል። አንዳንድ ሰው «ኢንተርፌስ ቪላን 10» ማለት ቪላኑን ራሱን የሚፈጥር ይመስለዋል። በብዙ የሲስኮ ሞዴሎች አይፈጥርም፤ በሩ ይሠራል፣ ቤቱ ግን የለም። ለዚህ ነው «ቪላን 10» ቀድሞ ለብቻው የሚጻፈው።

«ባድ ማስክ» የሚል መልስ ከመጣ የገባው የኔትወርኩ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ አድራሻ ነው፤ ለምሳሌ በ10.20.10.1 ፈንታ 10.20.10.0። «ኦቨርላፕስ ዊዝ» ካለ ደግሞ ያ ክልል በሌላ ኢንተርፌስ ተይዟል። መልእክቱ የትኛው እንደያዘው በስሙ ይጠራዋል።

አሁን ወደ ፎቅ ስዊቾች የሚሄዱት ፖርቶች ትራንክ (ብዙ ቪላን በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ) ይደረጉ፦

ኢንተርፌስ ጊጋቢትኢተርኔት 1/0/1
ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ
ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 10,30,40,99

ቆየት ያሉ ሞዴሎች ከ«ሞድ ትራንክ» በፊት «ስዊችፖርት ትራንክ ኢንካፕሱሌሽን ዶት1ኪው» እንዲገባ ይፈልጋሉ። ለወደፊቱም ይህ ይያዝ፦ ቪላን 50ን ለመጨመር «አላውድ ቪላን 50» ብቻ ቢጻፍ የነበሩት አራቱ ይሰረዙና 50 ብቻውን ይቀራል፤ ፎቁ በሙሉ ይቋረጣል። የሚጻፈው «አላውድ ቪላን አድ 50» ነው።

የፎቅ ስዊቾች

የፎቅ ስዊች የሚያስፈልገው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ከሩቅ እንድንገባበት። ተጠቃሚዎች ስለማያዩት ለያንዳንዱ ቪላን አድራሻ መስጠት አያስፈልግም። አራቱ ቪላኖች ግን እዚህም ይፈጠራሉ፤ ወደ ኮሩ የሚሄደውም ፖርት በኮሩ በኩል እንደተደረገው ትራንክ ይሆናል። ከዚያ ለአንደኛ ፎቅ፦

ኢንተርፌስ ቪላን 99
አይፒ አድረስ 10.20.99.11 255.255.255.0
ኖ ሻትዳውን
ኤግዚት
አይፒ ዲፎልት-ጌትዌይ 10.20.99.1

ሁለተኛ ፎቅ 10.20.99.12፣ ሦስተኛ 13 እያለ ይቀጥላል። የመጨረሻው ቁጥር ፎቁን ቢያመለክት ሌሊት ስልክ ሲደወል ወረቀት ፍለጋ አይኬድም። «ዲፎልት-ጌትዌይ» ካልገባ ስዊቹ ከቪላን 99 ውስጥ ፒንግ ይመልሳል፤ ከቢሮው ቪላን ግን አይመልስም። ጥያቄው ይደርሰዋል፣ መልሱን በየት እንደሚልክ ግን አያውቅም።

የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር የሚሰካበት ፖርት እንዲህ አክሰስ (የአንድ ቪላን ብቻ) ይሆናል፦

ኢንተርፌስ ጊጋቢትኢተርኔት 0/5
ስዊችፖርት ሞድ አክሰስ
ስዊችፖርት አክሰስ ቪላን 10

ወደ ራውተር የሚወስደው ፖርት

እንደገና ኮሩ ላይ፦

አይፒ ራውቲንግ
ኢንተርፌስ ጊጋቢትኢተርኔት 1/0/24
ኖ ስዊችፖርት
አይፒ አድረስ 10.20.255.2 255.255.255.252
ኖ ሻትዳውን
ኤግዚት
አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0 10.20.255.1

«አይፒ ራውቲንግ» ካልገባ ኮሩ አድራሻዎቹን ቢይዝም ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው አያሻግርም። ከገባ በኋላ ደግሞ «አይፒ ዲፎልት-ጌትዌይ» ኮሩ ላይ ዋጋ የለውም፤ መውጫውን የሚያሳየው «አይፒ ራውት» ነው። የ/30 ማስክ ሁለት አድራሻ ብቻ ይሰጣል፤ ሁለት ጫፍ ላለው ገመድ ይበቃል።

ብዙ ሰው ስዊቹን አጠናቅቆ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ራውተሩ ግን ገና ነው። ራውተሩ ቢሮዎቹ ከኮሩ ጀርባ እንዳሉ አያውቅም። ስለዚህ እሱ ላይ ለ10.20.0.0/16 በ10.20.255.2 በኩል የመመለሻ መንገድ ይጻፍ፤ የአድራሻ መለወጫውም (የውስጡን አድራሻ ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የሚለውጠው) ለ10.20.0.0/16 በሙሉ እንዲሠራ ይደረግ። ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣው ሞደም የመመለሻ መንገድ መጻፊያ ከሌለው መሃል ላይ እንደ ማይክሮቲክ ያለ ራውተር ማስገባት ግድ ነው። በዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ መሞከር አያዋጣም።

እንግዳው ወደ ሒሳብ ክፍል እንዳይገባ

ራውቲንግ ሲበራ ሁሉም ቪላን ከሁሉም ጋር ይገናኛል። የአዳራሹ እንግዳ ስልክ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተርና ካሜራዎቹን መድረስ ይችላል ማለት ነው። ይህን ክፍት ትቶ ሥራውን ማስረከብ ደንበኛን መበደል ነው። ስለዚህ፦

አይፒ አክሰስ-ሊስት ኤክስቴንድድ ጌስት
ፐርሚት ዩዲፒ ኤኒ ኤኒ ኢኪው 67
ዲናይ አይፒ ኤኒ 10.20.0.0 0.0.255.255
ፐርሚት አይፒ ኤኒ ኤኒ
ኤግዚት
ኢንተርፌስ ቪላን 30
አይፒ አክሰስ-ግሩፕ ጌስት ኢን

የመጀመሪያው መስመር መሣሪያው አድራሻ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ከ«ዲናይ» በኋላ ቢጻፍ የአድራሻ እድሳቱ ይታገዳል። ሁለተኛው የውስጥ ኔትወርኩን በሙሉ ይዘጋል። እዚህ የገባው ማስክ የተገለበጠ መሆኑን ልብ ይበሉ፦ 0.0.255.255 እንጂ 255.255.0.0 አይደለም። ይህ ከገባ በኋላ ከእንግዳ ስልክ 10.20.28.1ን ፒንግ ማድረግ አይቻልም፤ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ።

ለእንግዶቹ አድራሻ የሚያድለውም ኮሩ ሊሆን ይችላል፦

አይፒ ዲኤችሲፒ ኤክስክሉድድ-አድረስ 10.20.28.1 10.20.28.20
አይፒ ዲኤችሲፒ ፑል ጌስት
ኔትወርክ 10.20.28.0 255.255.252.0
ዲፎልት-ራውተር 10.20.28.1
ዲኤንኤስ-ሰርቨር 8.8.8.8
ሊዝ 0 4

«ሊዝ 0 4» ዜሮ ቀን ከ4 ሰዓት ማለት ነው። ካልተጻፈ ሲስኮ አድራሻውን ለአንድ ቀን ይሰጣል፤ ጠዋት የነበሩት ሠልጣኞች ከሄዱ በኋላም አድራሻቸው እስከ ማግስቱ እንደተያዘ ይቆያል። ለቢሮውም ተመሳሳይ ፑል (የሚታደል የአድራሻ ክምችት) በ10.20.10.0 ይሠራል፤ እዚያ አንድ ቀን ይበቃል።

ማረጋገጥ፣ ካልሠራም መፈለግ

«ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ሁሉንም ኢንተርፌስ በአንድ ገጽ ያሳያል። «ስታተስ» እና «ፕሮቶኮል» ሁለቱም «አፕ» መሆን አለባቸው።

«አድሚኒስትሬቲቭሊ ዳውን» ካለ «ኖ ሻትዳውን» ተረስቷል። በተለይ በአንዳንድ ሞዴሎች ቪላን 1 እንደተዘጋ ስለሚመጣ ይህ ያጋጥማል።

ፕሮቶኮሉ «ዳውን» ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈለግ። ቪላኑ አለ? «ሾው ቪላን ብሪፍ» ይነግራል። በዚያ ቪላን ውስጥ ገመድ የተሰካበትና የበራ ቢያንስ አንድ ፖርት አለ? ቪላን ኢንተርፌስ የሚነሣው ከሥሩ የሚሠራ አክሰስ ፖርት ወይም ያንን ቪላን የሚያሳልፍ ትራንክ ሲኖር ብቻ ነው። ትራንኩስ ቪላኑን ያሳልፋል? «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» ላይ ቁጥሩ ይታይ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ምንም ገመድ ሳይሰካ የተዋቀረ ስዊች «ዳውን» ማለቱ ጤናማ ነው። ገመድ ገብቶ ፖርቱ ከተነሣ በኋላም ስፓኒንግ ትሪ (ገመዶች ዙር እንዳይፈጥሩ የሚጠብቀው) እስኪፈቅድ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊወስድ ስለሚችል ሳይቸኩሉ መጠበቅ ይገባል።

ሁለቱም «አፕ» ሆነው ፒንግ ካልሄደ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይኬድ። መጀመሪያ ከላፕቶፑ የራሱን ጌትዌይ፣ ቀጥሎ 10.20.255.2ን፣ ከዚያ 10.20.255.1ን፣ በመጨረሻ 8.8.8.8ን። የቆመበት ቦታ ጥፋቱን ያሳያል። ከስዊች ወደ ላፕቶፕ መፈተን አይመከርም፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ፒንግ ስለሚያግድ ጤነኛው መስመር የተበላሸ ይመስላል።

ኮሩ ላይ ሆኖ «ፒንግ 10.20.255.1» ቢሳካ እንኳ አይበቃም፤ ጥያቄው የሚወጣው ከ10.20.255.2 ስለሆነ ራውተሩ በቀጥታ ያውቀዋል። «ፒንግ 10.20.255.1 ሶርስ ቪላን 10» ይበሉ። የመጀመሪያው ተሳክቶ ይህ ከወደቀ የጎደለው ራውተሩ ላይ የመመለሻው መንገድ ነው። ሰዓታት የሚፈጀውን ፍለጋ ወደ አንድ ደቂቃ የሚያወርደው ይህ ትዕዛዝ ነው። ከአምስቱ ፒንግ የመጀመሪያው ብቻ ነጥብ ሆኖ ቢቀር ግን ችግር አይደለም፤ ስዊቹ የማክ አድራሻውን እየጠየቀ ነበር።

አልፎ አልፎ የሚቋረጥ ከሆነ የአድራሻ ድግግሞሽ ይጠርጠር። ስዊቹ ሎግ ላይ «ዱፕአድር» የሚል ቃል ከነማክ አድራሻው ይጽፋል። አንድ ሰው የጌትዌዩን አድራሻ በእጁ ለኮምፒውተሩ ሰጥቶ ይሆናል። ካሜራ ላይም እንዲሁ ነው፦ ብዙ የሂክቪዥን ካሜራ ከፋብሪካ 192.168.1.64 ይዞ ስለሚመጣ አሥሩን አንድ ላይ ከመሰካት አንድ በአንድ እያስገቡ በቪላን 40 ክልል አድራሻ መስጠት ይሻላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ሁለት አድራሻ ለአንድ ኢንተርፌስ መስጠት ነው። ሁለተኛው «ሰከንደሪ» የሚል ቃል ሳይከተለው ከገባ የመጀመሪያውን ይተካዋል፤ ማስጠንቀቂያም የለም።

ከሩቅ ሆኖ አድራሻ ሲቀየር

የገባንበትን ኢንተርፌስ አድራሻ ከቀየርን ግንኙነታችን ወዲያው ይቆረጣል፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ የአዳማውን ስዊች ለሚያስተካክል ሰው ይህ ማለት መኪና ተነሥቶ መምጣት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የነበረው ሴቲንግ መቀመጡ ይረጋገጥና «ሪሎድ ኢን 10» ይባላል። ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ያስነሣል፤ አዲሱ ሴቲንግ ስላልተቀመጠ ወደ ድሮው ይመለሳል። ለውጡ ከሠራና በአዲሱ አድራሻ ከተገባ «ሪሎድ ካንስል» ይባልና ከዚያ በኋላ ብቻ ይቀመጣል። ዳግም ሲነሣ ሁሉም ለጥቂት ደቂቃ ስለሚቋረጥ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ባለበት ሰዓት አይደረግም።

ሁዋዌና ትናንሽ ስዊቾች

ሁዋዌ ላይ አስተሳሰቡ ያው ነው፤ ቃሉ ይለያል። «ሲስተም-ቪው» ብለው ይገባሉ፣ «ቪላን ባች 10 30 40 99» አራቱን በአንዴ ይፈጥራል፣ ከዚያ፦

ኢንተርፌስ ቪላኒፍ 10
አይፒ አድረስ 10.20.10.1 24

ማስኩ በ24 ብቻ ሊጻፍ ይችላል። በ«ኖ ስዊችፖርት» ፈንታ፣ በሚቀበሉት ሞዴሎች፣ «አንዱ ፖርትስዊች» ነው («አንዱ» የእንግሊዝኛው undo ነው)፤ «ኖ» በሚባልበት ሁሉ «አንዱ» ይባላል። መውጫው «አይፒ ራውት-ስታቲክ 0.0.0.0 0.0.0.0 10.20.255.1»፣ ማያው «ዲስፕሌይ አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ነው። ሁዋዌ ትራንክ ላይ የተጠነቀቀ ነው፦ «ፖርት ትራንክ አላው-ፓስ ቪላን» ብለው በስም ካልፈቀዱ ከቪላን 1 በቀር አያሳልፍም።

በድረ ገጽ የሚዋቀሩት የቲፒ-ሊንክ ስማርት ስዊቾች ብዙዎቹ 192.168.0.1 ይዘው ይመጣሉ። ላፕቶፑን ለጊዜው 192.168.0.10፣ ማስክ 255.255.255.0 አድርገው በማሰሻ ይገባሉ፤ አድራሻውን ሲቀይሩ ገጹ ይጠፋል፤ ላፕቶፑን ወደ አዲሱ ክልል አዛውረው በአዲሱ ይገባሉ። ማዋቀሪያ የሌለው ርካሽ ስዊች ጭራሽ አድራሻ አይቀበልም፤ ሲገዛ መጠየቅ ነው።

ማስቀመጥ

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ያለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት አንድ ጊዜ ከጠፋ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ተፈትኖ ሲያልፍ፦

ኤንድ
ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርታፕ-ኮንፊግ

በሁዋዌ «ሴቭ» ብለው «ዋይ» ይመልሳሉ። ጠቅላላ ሥራው ሲያልቅ «ሾው ራኒንግ-ኮንፊግ» የሚያወጣውን ጽሑፍ በሙሉ ገልብጠው በስዊቹ ስምና በቀኑ ፋይል አድርገው ላፕቶፑ ላይ ያኑሩ፤ አንድ ቅጂ ለሆቴሉ አስተዳደር ይሰጥ። የይለፍ ቃሉ ግን ፋይሉ ውስጥ በግልጽ እንዳይነበብ ሲፈጠር «ሲክሬት» በሚለው ቃል ይፈጠር። የአድራሻው ሠንጠረዥ ታትሞ የራኩ (የስዊቾቹ ሣጥን) በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ፦ የስዊቹ ስም፣ ፎቁ፣ የቪላን 99 አድራሻው፣ ወደ ኮሩ የሚሄደው ፖርት ቁጥር። አዲስ ስዊች ሲጨመር ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቁጥር ይወሰዳል፤ መጀመሪያ እዚያ ይጻፋል፣ ከዚያ ኮንሶሉ ይከፈታል።